ካሜራውን ማን ደገፈው? የፎቶግራፍ ባለሙያዎችና ባለጸጎች በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሰዎች አይለያዩም፤ ካሜራውን የሚይዘውና ወጪውን የሚችለው። ዛሬ ማንም በስልኩ የሚያነሣው ምስል ለመቶ ዓመት ያህል የሀብት፣ የሥልጣን ወይም የሁለቱም ጉዳይ ነበር። መስተዋቱ፣ ወረቀቱና ኬሚካሉ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ባለሙያውም በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነበር። ከፋይ ያላገኘ ፎቶ አንሺ ሥራ አልነበረውም፤ ከፋዩ ደግሞ ማን እንደሚነሣ፣ ምን ለብሶና እንዴት ተቀምጦ እንደሚነሣ፣ ምስሉስ በማን እጅ እንደሚቀር ይወስን ነበር። ከፋዩ ከዘመን ወደ ዘመን ሲለወጥ በፎቶግራፉ ውስጥ የሚታየው ኢትዮጵያዊም አብሮ ተለውጧል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1850ዎቹ–1860፦ ከሚሲዮናዊና ከጦር ጋር የገባ ካሜራ

ፎቶግራፍ በፓሪስ ለዓለም በይፋ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ኢትዮጵያ ለመድረስ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀበት። በ1850ዎቹ መጀመሪያ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመጣው ሚሲዮናዊ ሄንሪ ስተርን ካሜራ ይዘው ወደ አገሪቱ ከገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ስተርን ኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ካሰሯቸው አውሮፓውያን ጋር ታሰረ፤ የእስረኞቹም ጉዳይ የእንግሊዝን ጦር ወደ መቅደላ አመጣ።

በሮበርት ናፒየር የተመራው ጦር ከመድፍና ከዝሆን ጋር የፎቶግራፍ ክፍልም አስከትሎ ነበር። ሥራው የመሐንዲሶች ጓድ ነበር፤ ዋና ተግባሩም ካርታና ንድፍ እያባዙ ለአዛዦች ማደል ነው። በጊዜው የነበረው ዘዴ አድካሚ ነበር። የመስተዋት ሰሌዳው በኬሚካል ይቀባል፣ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ይገባል፣ ሳይደርቅም በጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ሙሉ የጨለማ ክፍሉን፣ ውሃውንና መስተዋቱን በአጋሰስ ጭኖ ተራራ ለተራራ ይጓዝ ነበር። እንዲህ ያለውን ወጪ መቻል የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት የሰሜን ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ሰፊ የፎቶግራፍ ስብስቦች አገሪቱን በወራሪ ጦር ዓይን የሚያሳዩ ሆኑ፤ መተላለፊያው፣ ምሽጉ፣ ሰፈሩና ምርኮው ይታይባቸዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ራሳቸውን የሠዉት ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም።

ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን የዘመኑ ታዋቂ ፎቶ አንሺ ካሜራ ፊት ቀረበ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ከካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ጋር ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው። ካሜሮን ባለቤቷ በሲሎን የቡና እርሻ የነበረው፣ የባለጸጋ ቤት እመቤት ናት። ፎቶግራፍ የጀመረችው በ48 ዓመቷ ከልጇና ከአማችዋ ካሜራ በስጦታ ስታገኝ ነው፤ የዘመኗን ባለቅኔዎችና ሊቃውንትም በገዛ ገንዘቧ እያስቀመጠች ታነሣ ነበር። ልዑሉን በአገሩ ጌጥና ልብስ፣ አንዳንዴም ከስፒዲ ጎን አድርጋ አነሣችው። ሥዕሎቹ የተዋቡ ናቸው፤ አባቱን፣ እናቱንና አገሩን በጥቂት ወራት ውስጥ ያጣው ሕፃን ፊት ላይ ያለው ሐዘን ግን በውበታቸው አልተሸፈነም። ልዑሉ ካሜራውንም፣ አለባበሱንም፣ ምስሉን የሚወስደውንም አልመረጠም። ኢትዮጵያውያን ስለ ምስላቸው ራሳቸው እንዲወስኑ ሌላ ዘመን መምጣት ነበረበት።

1871–1898፦ ምኒልክ ካሜራውን ቤተ መንግሥት አስገቡ

ያ ዘመን የመጣው ከሸዋ ነው። በ1871 አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ በንጉሥ ምኒልክ ጥሪ አንኮበር ደረሰ። ድልድይና የውሃ ቧንቧ ሠራ፤ ኋላም የባቡር ሐዲዱ ውጥን ዋና ሰው ሆነ። ፎቶግራፍም ያነሣ ነበር፤ ያነሣቸው ምስሎች ዛሬም በዙሪክ ሙዚየም ይገኛሉ። ኢልግ ባለሙያ ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት በንጉሡ አጠገብ የኖረ ሰው በመሆኑ ካሜራው ለቤተ መንግሥቱ እንግዳ መሆኑ ቀረ።

ምኒልክ ለአዳዲስ መሣሪያዎች የነበራቸው ጉጉት የታወቀ ነው። ፎቶግራፍን በተመለከተ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ከካህናት ወገን ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ሊያስጠነቅቋቸው ሲሞክሩ ንጉሡ፣ ዕቃው የተሠራበትን ሁሉ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ብለው ተቆጥተው መለሷቸው ይባላል። ሥርዓቱንም የቀየረው ይኸው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ካሜራ ፊት ሲቀመጡ መኳንንቱና እመቤቶቹ ተከተሉ።

ምክንያቱ ጉጉት ብቻ አልነበረም። ምኒልክ የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪቃን በሚቀራመቱበት ጊዜ ነጻ አገር ይዘው ለመቆየት የሚታገሉ ንጉሥ ነበሩ። የንጉሥ ምስል በቴምብርና በገንዘብ ላይ መታየት የሉዓላዊነት ምልክት መሆኑን ያውቁ ነበር። ከዓድዋ ጦርነት በፊት በፓሪስ በተቀረጸው የመጀመሪያ ቴምብር ላይ ዘውድ የደፋ መልካቸው ወጣ። በ1888 ከተገኘው የዓድዋ ድል በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሩሲያ መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፉ ካሜራቸውን ይዘው መጡ፤ የአውሮፓ ጋዜጦችና መጽሔቶችም የድል አድራጊውን ንጉሥ መልክ ፈለጉ። በዚያው ጊዜ ፎቶ ማንሣት ቀልሎ ነበር። በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ደረቅ መስተዋት ጨለማ ድንኳን መሸከምን አስቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ለገበያ የቀረበው ኮዳክ ካሜራም መንገደኛውን ሁሉ ፎቶ አንሺ አደረገው።

በዚህ ዘመን የተነሡ የመኳንንት ፎቶግራፎች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ተነሺው ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ካሜራው ያዞራል፤ ካባውን ወይም ለምዱን ይለብሳል፤ ጋሻ፣ ጎራዴ ወይም ጠመንጃ ከጎኑ ይሆናል፤ አሽከሮቹ በማዕረጋቸው ልክ ከኋላና ከግራ ቀኝ ይቆማሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በአንድ ዓይኑ እንደሚሣል ለሚያውቅ ሰው ፊት ለፊት መቀመጡ ትርጉም ነበረው። ካሜራው የውጭ ቢሆንም አቀማመጡን የወሰኑት ተነሺዎቹ ናቸው።

1898–1922፦ የቦያጂያን ቤት

በአዲስ አበባ ከተማ መስፋፋት ወቅት የቤተ መንግሥቱን ፎቶግራፍ ሥራ የያዘው የአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ቤት ነው። ቤድሮስ እ.ኤ.አ. በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዐፄ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ቀጥሎም ንግሥት ዘውዲቱን አገለገለ። ከእሱ በኋላ ልጁ ሃይጋዝ፣ ከሃይጋዝም በኋላ ሌላው ልጁ ቶኒ ሥራውን ያዙ። አንድ ቤተሰብ ከምኒልክ ዘመን እስከ 1966ቱ አብዮት የኢትዮጵያን ነገሥታት መልክ ሲያነሣ ኖረ።

ይህ ሥራ ለምን በአርመናውያን እጅ ሆነ? አንደኛው ምክንያት ሃይማኖትና ዕጣ ነው። አርመናውያን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተጋሪ ናቸው፤ ከጀርባቸው ኢትዮጵያን ለመውረር የሚጠብቅ መንግሥት አልነበራቸውም፤ በኦቶማን ግዛት የደረሰባቸው ግፍ ደግሞ መጠጊያ እንዲፈልጉ አድርጓቸዋል። ለንጉሡ እንዲህ ያለው ባለሙያ ከጣሊያን ወይም ከፈረንሳይ ዜጋ ይልቅ ያስተማምን ነበር። ወርቅ ሠሪነት፣ ልብስ ስፌትና ሙዚቃ ላይም አርመናውያን ተመሳሳይ ቦታ አግኝተዋል፤ በ1917 መግቢያ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የሙዚቃ ጓድና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዚያ ሰንሰለት ቀጣይ ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት በአገር ውስጥ ለእጅ ሥራ የነበረው ንቀት ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው ይሰደቡ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። በኬሚካልና በጨለማ ክፍል የሚሠራ አዲስ ሙያም ለባላገሩ የጨዋ ልጅ የሚያጓጓ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ፎቶ ቤቶች በውጭ ተወላጆች ስም ተከፈቱ፤ ኢትዮጵያውያን በረዳትነት ገብተው ሙያውን ውስጥ ለውስጥ ተማሩ።

ቤተ መንግሥቱ ለፎቶ አንሺው የሰጠው ነገር ከደመወዝ ይበልጣል። የሹመት፣ የበዓልና የልቅሶ ሥርዓት ላይ የመገኘት መብት፣ ለሌላው ደንበኛ የሚያኮራ ስምና የመኳንንቱ ገበያ አብረው ይመጣሉ። በምትኩም ታማኝነት ይጠበቅበታል፤ ንጉሥ ሳይፈቅድ የሚወጣ ምስል የለም።

የምስሉ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ የታየው በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ካረፉ በኋላ ወጣቱ ወራሽ ከሐረርጌና ከአፋር ሙስሊሞች ጋር የመሠረቱት ቅርበት የሸዋን መኳንንትና ካህናቱን አስቆጣ። በሙስሊም አለባበስ የሚታዩባቸው ፎቶግራፎች በእጅ ተዘዋወሩ። ፎቶግራፎቹ እውነተኛ ናቸው ወይስ ተቆርጠውና ተለጥፈው ዳግም በመነሣት የተቀነባበሩ ናቸው የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም። የማያከራክረው ውጤታቸው ነው፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ከክሱ ጀርባ በዓይን የታየ ነገር አለ የሚል እምነት ነበር። በኢትዮጵያ ፖለቲካ ፎቶግራፍ ከጌጥነት ወደ ምስክርነትና ወደ መሣሪያነት የተሸጋገረው ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አቃቂን አልፎ አዲስ አበባ ገባ። ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ሲጓዝ ይሰበር የነበረው መስተዋት፣ ሲበላሽ የነበረው ወረቀትና ኬሚካል አሁን በፉርጎ ይመጣ ጀመር። የፎቶ ቤት ወጪ ቀለለ፤ ንግዱም ከቤተ መንግሥት ደጅ ወጥቶ ወደ ከተማው ገበያ ተጠጋ።

1923–1933፦ ዘውድ፣ ጦርነትና ማስረጃ

ራስ ተፈሪ ምስል ምን እንደሚሠራ ከቀደሟቸው ሁሉ በላይ ያወቁ ሰው ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ የበዓሉ አቀራረብ ለካሜራም ታስቦ ነበር። ሃይጋዝ ቦያጂያን ይፋውን ፎቶግራፍ አነሣ፤ የውጭ ጋዜጠኞችና ሲኒማ አንሺዎችም ተጋብዘው መጡ። የአሜሪካው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931 እትሙ የበዓሉን ታሪክ በቀለም ፎቶግራፍ አጅቦ አወጣው። ያ እትም ጃማይካ ደርሶ ለራስ ተፈሪያን እምነት መጠናከር ድርሻ አበረከተ። ለንግሥ የወጣው ወጪ በአገር ውስጥ ብዙ ያነጋገረ ቢሆንም በፎቶግራፍ በኩል ያስገኘውን ዝና ገንዘብ ሊገዛው የሚችል አልነበረም።

በ1928 የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ሲጀመር የዓለም ጋዜጠኞች አዲስ አበባን አጥለቀለቋት። ዜናቸው በአቃቂ ሜዳ ላይ በተተከለው የሬዲዮ ጣቢያ በኩል ይወጣ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ድምፃቸውን ወደ ውጭ ያሰሙት በዚያው ነው። የፎቶግራፉ ፊልም ግን በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ ቀናትና ሳምንታት ዘግይቶ አውሮፓ ይደርሳል። ስለዚህ ቃሉ ቀድሞ ምስሉ ይከተል ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት አንዱ አልፍሬድ አይዘንስታት ሲሆን የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግሮችን ያነሣበት ፎቶግራፍ በታንክና በአውሮፕላን ከመጣው ጠላት ጋር የነበረውን አለመመጣጠን ያለ ማብራሪያ አሳየ።

ከሌላው ወገን የሞሶሊኒ መንግሥት የሉቼ ተቋምን የፎቶና የሲኒማ ክፍል ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ልኮ ነበር። የተቋሙ ሥራ መንገድ፣ ሆስፒታልና እጅ የሚነሣ ሕዝብ ማሳየት ነው፤ የመርዝ ጋዝና የግድያ ምስል አይፈቀድም። ይሁንና ተራው ወታደርና ሲቪሉ የየራሱ ካሜራ ነበረው። በየካቲት 12 ቀን 1929 የተጀመረው የአዲስ አበባ ጭፍጨፋና ሌሎች ግድያዎች ፈጻሚዎች ራሳቸው ለመታሰቢያ ያነሷቸውን ምስሎች ትተው አልፈዋል። ከድል በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የጦር ወንጀል ማስረጃ አዘጋጅቶ ሲያቀርብ እነዚህ ፎቶግራፎች ከሰነዶቹ ጋር ታተሙ። ለፉከራ የተነሣ ምስል ለክስ ዋለ።

1933–1966፦ ፎቶ ቤት የሕዝብ ሆነ

ከነጻነት በኋላ ያሉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ለኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ትልቁ መታጠፊያ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ መልክ በ1937 በወጣው የኢትዮጵያ ብር ላይ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየሱቁ ግድግዳ ላይ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ውጭ ግን ሌላ ከፋይ ተፈጠረ። ደመወዝተኛው፣ ነጋዴው፣ ተማሪውና ሙሽራው ገንዘቡን ይዞ ፎቶ ቤት ገባ።

በፒያሳና በአካባቢው የነበሩት ፎቶ ቤቶች የራሳቸው ዓለም ነበራቸው። ከኋላ በቀለም የተሣለ መጋረጃ፣ ከጎን ወንበርና የአበባ ማስቀመጫ፣ ለሌለው የሚያውሱት ኮትና ከረቫት፣ የፊትን ጉድፍ በቀጭን እርሳስ የሚያጠፋ ሠራተኛ ነበሯቸው። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ይጻፍና ለወዳጅ፣ ለእጮኛ ወይም ሩቅ አገር ላለ ዘመድ ይላካል። እንደ አቃቂ ባሉ የባቡርና የፋብሪካ ሰፈሮች የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ሲስፋፋ ከገጠር የመጣው አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ ፎቶውን የሚነሣው ብዙ ጊዜ ለመታወቂያ ነበር። ጉርድ ፎቶ የሚባለው ከደረት በላይ የሚነሣው ትንሽ ምስል ከሁሉ ርካሽና ከሁሉ በላይ የተስፋፋ የፎቶ ዓይነት ሆነ።

በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ከረዳትነት ወደ ባለቤትነት ተሸጋገሩ፤ ጋዜጦችና የማስታወቂያ ሚኒስቴርም የራሳቸውን ፎቶ አንሺዎች ቀጠሩ። በቤተ መንግሥት ከቶኒ ቦያጂያን ሌላ ሽመልስ ደስታ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራ ጀመሩ። የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ በኋላ ከተማዋ የመሪዎች መናኸሪያ ሆና ነበር። የንግሥት ኤልሳቤጥ የ1957 ጉብኝትና የጄኔራል ደጎል የ1958 ጉብኝት የዚያ ዘመን ታላላቅ የካሜራ ቀኖች ናቸው። በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ ሌላ ዓይነት ደጋፊ ሆኖ መጣ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ያረጁ ፎቶግራፎችን ከየቤተሰቡና ከየአገሩ ማሰባሰብን የታሪክ ሥራ አደረጉት፤ ኋላም ከዴኒ ጀራርድ ጋር ሆነው የቀድሞዋን ኢትዮጵያ ፎቶግራፎች በመጽሐፍ አወጡ። ፎቶግራፍ ከማንሣት እኩል ፎቶግራፍን ማቆየት ሙያ መሆኑ የታወቀው በእነሱ ሥራ ነው።

1967–1983፦ ምስል ዙፋን አወረደ፣ ረሀብን አሳየ

በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ የሚያሳይ ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቀረበ። ከዓመት ገደማ በኋላ፣ በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ለአርባ ዓመት በጥንቃቄ የተገነባ የንጉሥ ምስል በአንድ ምሽት በሌላ ምስል ፈረሰ። የቦያጂያን ቤት ከምኒልክ ጀምሮ ይዞት የነበረው የቤተ መንግሥት አገልግሎትም በዚሁ አበቃ።

አዲሱ መንግሥት የፎቶግራፍን ከፋይነት ከሞላ ጎደል ለብቻው ያዘ። ሰልፉ፣ ባንዲራውና የመሪው ሥዕል በመንግሥት ካሜራ ይነሣል። በየቀበሌው ለሚሰጠው መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ግዴታ በመሆኑ ፎቶ ቤቶች ከቤተሰብ ሥዕል ይልቅ በዚህ ሥራ ላይ ኖሩ። ይህ ለቁጥጥር የተነሣ ትንሽ ምስል ለብዙ ቤተሰብ ከቀይ ሽብር ሰለባዎች የተረፈ ብቸኛ መልክ ሆነ። በ2002 በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳዎች በእነዚያ ወጣቶች ጉርድ ፎቶዎች ተሸፍነዋል።

ሽመልስ ደስታ በ1970ዎቹ አጋማሽ አገር ለቀው ለንደን ሲገቡ የቤተ መንግሥትና የአብዮት ዘመን ኔጋቲቮቻቸውን ይዘው ሄዱ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በለንደን ኦቶግራፍ የተባለው የፎቶግራፍ ተቋም ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ አቀረበ። በአገር ውስጥ ቢቀሩ ኖሮ ሊጠፉ ይችሉ የነበሩ ምስሎች በአንድ ሰው ጥንቃቄና በውጭ ተቋም ድጋፍ ተረፉ።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ የሞሐመድ አሚንን የኮረም ረሀብ ፊልም ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር አቀረበ። አሚን ኬንያዊ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1963 በታንዛኒያ ካሜራፒክስ የተባለ የራሱን ድርጅት መሥርቶ ኋላ በናይሮቢ ትልቅ የፎቶና የኅትመት ኩባንያ ያደረገው ሰው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድን የበረራ መጽሔት «ሰላምታ»ንም ካሜራፒክስ ሲያሳትም ነበር። የኮረም ምስል በዓለም ዙሪያ ታይቶ የሐምሌ 1977ቱን ላይቭ ኤይድ የመሰለ ትልቅ የእርዳታ እንቅስቃሴ አስነሣ፤ ሺህዎች እህል አገኙ። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ መልክ በዓለም ዘንድ ለረዥም ጊዜ በረሀብ ብቻ እንዲታወቅ ምክንያት ሆነ። አሚን በ1983 አዲስ አበባ ውስጥ በፈነዳ የጥይት መጋዘን ክንዱን አጣ፤ የሥራ ባልደረባው ጆን ማታይም ሞተ። አሚን ራሱ በኅዳር 1989 በተጠለፈውና በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ካሜራን በገንዘቡና በክንዱ የደገፈ ሰው ነበር። ከሞቱ በኋላም በስሙ የተቋቋመው ድርጅት ወጣት አፍሪቃውያንን በጋዜጠኝነት አሠልጥኗል።

ከ1983 ወዲህ፦ ፎቶ አንሺው ራሱ ደጋፊ ሆነ

ከደርግ ውድቀት በኋላ ማስታወቂያ፣ የግል ፕሬስና ሠርግ ለፎቶ አንሺዎች አዲስ ገበያ ከፈቱ። የፊልም ዘመን አልቆ ዲጂታል ሲመጣ የጨለማ ክፍሎች ተዘጉ። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችም ካሜራን እንደ ብሩሽ ያዙት። ሚካኤል ፀጋዬ ሠዓሊ ሆኖ ከተመረቀ በኋላ የዘይት ቀለም ስላልተስማማው ወደ ፎቶግራፍ ዞረ፤ የአዲስ አበባን አሮጌ ሰፈሮች መፍረስና የአዳዲስ ሕንጻዎችን መነሣት በጥቁርና ነጭ መዘገበ።

የደጋፊነትን ትርጉም የለወጠችው ግን አይዳ ሙሉነህ ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ተወልዳ በየመን፣ በቆጵሮስና በካናዳ አደገች፤ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ አነሣች። በውጭ አገር ሳለች የምታያት የረሀብ ኢትዮጵያ የምታውቃት አገር አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች፤ በዚያው ዓመት በባማኮ የአፍሪቃ ፎቶግራፍ ቢያናሌ ሽልማት አገኘች። ከደማቅ ቀለም፣ ከተቀባ ፊትና ከኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አቀማመጥ የተነሣው የራሷ የአሠራር ስልት በዓለም ታወቀ፤ ሥራዎቿ እ.ኤ.አ. በ2018 በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ታዩ። በዚያው ዓመት ውሃን በተመለከተ በዳሎል የሠራችው ተከታታይ ሥራ ችግርን ያለ ልመና መልክ ማሳየት እንደሚቻል አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ለኖቤል የሰላም ሽልማት ዐውደ ርእይ ሥራ እንድታዘጋጅ ተጠራች።

አይዳ ያገኘችውን ዝና፣ የምታውቃቸውን ሰዎችና ጊዜዋን ለሌሎች አዋለችው። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። በየሁለት ዓመቱ የተካሄደው ይህ ፌስቲቫል ከአፍሪቃና ከዓለም ዙሪያ የተመረጡ ሥራዎችን አዲስ አበባ ላይ አሳየ፤ ከባለሙያዎች ጋር መገናኛና ሥልጠናም ሆነ። ባለ ካሜራ ወጣት ሥራውን ለማሳየት የኤምባሲ ወይም የውጭ ጋለሪ ፈቃድ መጠበቅ አቆመ። ኋላ ወደ አቢጃን ተሻግራ በኮት ዲቯርም ተመሳሳይ የፎቶግራፍ መድረክ መሥርታለች። ምኒልክ ካሜራውን የደገፉት ስለ አገራቸው ክብር ነበር፤ አይዳም በተመሳሳይ ምክንያት ደገፈችው። ልዩነቱ እሷ ንጉሥ ሳትሆን ሙያተኛ መሆኗና ድጋፉ ለአንድ ቤት ሳይሆን ለትውልድ መዋሉ ነው።

በዚያው ዘመን የቤተሰብ አልበምም የታሪክ ዋጋ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የወጣው መጽሐፍ ከየቤቱ የተሰበሰቡ የሠርግ፣ የትምህርት ቤትና የሽርሽር ፎቶግራፎችን በአንድነት አቀረበ። በዚያ ስብስብ ውስጥ ያሉት ሰዎች ንጉሥም መሪም አይደሉም። ፎቶ ቤት ገብተው የከፈሉት በራሳቸው ገንዘብ ነው፤ ታሪካቸውም የዘመኑ ታሪክ ሆኖ ተቆጠረ።

ዛሬ የማንሣት ወጪ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ የብሔራዊ መታወቂያ ፎቶ እንኳ መዝጋቢው ራሱ በዲጂታል ካሜራ ስለሚያነሣው የጉርድ ፎቶ ገበያ እየቀነሰ ነው። የቀረው ወጪ የማቆየት ነው። የመስተዋትና የፊልም ኔጋቲቭ በሙቀት፣ በእርጥበትና በአቧራ ይበላሻል፤ ስልክ ላይ ያለ ምስል ደግሞ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የተዘጉ ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቭ ወራሽ ከሌለው ይጣላል። እነዚህን ሰብስቦ፣ ስም ጽፎ፣ በዲጂታል ገልብጦ የሚያስቀምጥ ቤተ መዘክር፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ባለሀብት የዚህ ዘመን የፎቶግራፍ ደጋፊ ነው፤ ያለ እሱ የቀደሙት ሁሉ የከፈሉት ዋጋ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊባክን ይችላል።